ጥንቸልን ከጭልፊት ለማዳን የቱ ይሻላል? ሽቦ፣ መረብ ወይስ ሲዲ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አራት ኪሎ ባለው የጋራ ግቢያችን ልብስ ተሰጥቷል። ሦስት የጥንቸል ግልገሎች ከማስጫው ገመድ ሥር ጎመን ይቆረጥማሉ። እናትየው በኋላ እግሯ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታች። ጥንቸል እንዲህ የምታደርገው አደጋ ስታይ ነው። ያኔ አላውቅም ነበር፤ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ወዲያው ነጩ አንሶላ ላይ ጥላ አለፈ። ቀና ስል ጭልፊቱ የብሎኬት አጥሩን ተሻግሯል፤ እግሩ ላይ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ልጄ «አባዬ!» ብላ እስክትጮህ ሁሉ ነገር አልቋል። እኔ የቆምኩት ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግቢው ሁሉ መካሪ ሆነ። ፊት ለፊት ያሉት እማማ «ሲዲ ስቀልባት» አሉ። አናጢው ሸራ ወጥር አለኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ውሻ አሳድግ አለ። ግማሹን ሞክሬ ገንዘቤን በልቶታል። ግማሹን ጥንቸል የሚያሳድጉ ሰዎች ግቢ ሄጄ አይቻለሁ።

ከወዲሁ ልናገር። የሚመከሩት መላዎች ሁሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሰማዩን ይዘጋል፣ ሌላው ወፉን ያስፈራል። የሚያስፈራው የሚሠራው ወፉ እስኪለምደው ድረስ ብቻ ነው።

ከሰማይ የሚመጣው ማን ነው?

በመሀል አዲስ አበባ ዋናው ጠላት ቡናማው ወፍ ነው። መንቁሩ ቢጫ፣ ጭራው እንደ መቀስ የተከፈተ። አንዳንዱ ጭልፊት ይለዋል፣ አንዳንዱ ጭላት፣ ብዙው ሰው ዝም ብሎ አሞራ ይለዋል። ሉካንዳ ቤት ደጃፍ ከሰው እጅ ሥጋ የሚነጥቀው እሱ ነው። ጭልፋ ከድስት እንደሚጨልፍ ጨልፎ ይሄዳል፤ መሬት ላይ አርፎ ጊዜ አያባክንም። ክብደቱ ግን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 2 ወይም 3 ኪሎ የሆነች ጥንቸል ይዞ አይነሳም። ግልገል ይወስዳል፤ ትልቋን ደግሞ ባይወስዳትም በጥፍሩ ሊያቆስላት ይችላል።

ሁለተኛው ጭራው እንደ ሸክላ ቀይ የሆነው፣ ክንፉ ሰፋ ያለው ጭልፊት ነው። ከመጀመሪያው ይከብዳል። ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የዘወትር ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ትንሽ ጥንቸል ግን ከአይጥ አትለይበትም።

ንስር መሀል ከተማ ብዙ አይታይም። ወደ እንጦጦ በቀረባችሁ ቁጥር ግን ዕድሉ ይጨምራል። ከጥቅምት ጀምሮ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የሚመጡ እንግዳ ንስሮችም አሉ። ንስር ከሆነ ትልቋም ጥንቸል አትተርፍም።

ቁራን አትርሱ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው የኛው አገር ቁራ በእግሩ እየተራመደ ገብቶ ግልገል ከጎጆው ሊያወጣ ይችላል። ማታ ደግሞ ጉጉት አለ። ጥንቸል በጣም የምትንቀሳቀሰው ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው፤ ጉጉትም ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጥንብ አንሳን ግን በከንቱ አትውቀሱት። እግሩ ለመንጠቅ የተሠራ አይደለም፤ የሚበላው የሞተ ነው። ይህን ያነሳሁት «መርዝ አድርግበት» የሚል ምክር ስለሰማሁ ነው። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። መርዝ ደግሞ ጭልፊቱ ላይ አያቆምም፤ የጎረቤት ድመትና ውሻ ይገድላል፣ የሞተውን የሚበላውን ጥንብ አንሳም ይገድላል። ቆሻሻ መጣያ ላይ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ጨርሶ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ገብቷል። መርዝ ከምርጫው ይውጣ።

ከመግዛታችሁ በፊት

እኔ አሁን አንድን ነገር የምመዝነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

- ግቢው ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት ይሠራል? ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ጭልፊት ቀጠሮ አይዝም።
- ሐምሌን ይችላል? የአዲስ አበባ በረዶ ስንቱን ሸራ እንደቀደደ ታውቃላችሁ።
- ከድመት፣ ከሰፈር ውሻና ከሸለምጥማጥም ያድናል? ለሰማይ ብሎ ምድርን የሚረሳ ብዙ ነው።
- ቤት ስትለቁ ተነቅሎ ይሄዳል? ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ግቢው የጋራ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።
- ጥንቸሏ ቆማ፣ ዘልላ፣ ጥላ አግኝታ ትኖርበታለች?

ዋጋ በብር አልጽፍም፤ መርካቶ ሁለቴ ስትሄዱ ሁለት ዋጋ ነው። ስንት ሜትር እንደሚያስፈልግ ግን አሰላላችኋለሁ።

ጣሪያው ጭምር ሽቦ የሆነ ቋሚ ቤት

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መርካቶ ሽቦ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ «ለጥንቸል ቤት» ስል ልጁ ሁለት ጥቅል አወጣ። አንደኛው ቀዳዳው ስድስት ማዕዘን ያለው፣ ሽቦው እርስ በርሱ የተጠማዘዘ፣ ሁላችንም የዶሮ ሽቦ የምንለው። ሌላው ቀዳዳው አራት ማዕዘን፣ መገናኛው ሁሉ በብየዳ የተያያዘ። «ጋሼ፣ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት» አለኝ። የዶሮ ሽቦው እንደ ጨርቅ ጎበጠ። የተበየደው ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ጭልፊት ያቆማሉ። ውሻ ተንጠልጥሎ ሲጎትት ግን የዶሮ ሽቦ ቶሎ ይፈታል፤ አንድ ክሩ ከተበጠሰ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል።

ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ ሁሉንም በተበየደው። ካልበቃችሁ ጎኑን በተበየደው፣ ጣሪያውን በዶሮ ሽቦ። ውሻና ድመት የሚታገሉት ጎኑን ነው። ቀዳዳው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። አይጥ የሚያስቸግር ሰፈር ከሆነ 1.2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለውን ፈልጉ። ቀዳዳው ሲሰፋ ጭልፊቱ ጣሪያው ላይ አርፎ እግሩን ማስገባት ይችላል።

ስፋቱስ? በእንግሊዝ ስለ ጥንቸል ደኅንነት የሚሟገቱ ሰዎች ለሁለት ጥንቸል 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር የሆነ ቦታ ይመክራሉ። መሀል ከተማ ግቢ ላይ ይህን ማግኘት ሎተሪ ነው፤ ቢሆንም ለስሌት ይመቻል። አራቱ ጎን 10 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሽቦ ከሆነ 6። ድምር 16 ካሬ። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ ጥንቸሏ ቆፍራ ትወጣለች፣ ውሻም ቆፍሮ ይገባል። ስለዚህ ዙሪያውን 30 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት የሚቀበር ሌላ 3 ካሬ ጨምሩ። 20 ካሬ ብትገዙ ለመደራረቢያም ይተርፋል። ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ግቢ ያላችሁ ከመቅበር ተገላገላችሁ፤ በምትኩ ድርቆሽ ወይም ጭድ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ፤ እግሯ በጠንካራ ወለል ይቆስላል።

ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሽቦ ይሁን። ሙሉውን ቆርቆሮ ያደረገ ሰው አይቻለሁ፤ የካቲት ላይ ውስጡ ምድጃ ሆኖ ነበር። ጥንቸል አታልብም፤ ሙቀት የምታስወጣው በዋናነት በጆሮዋ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ይከብዳታል። የአዲስ አበባ ጥላ እዚያ ብዙም አይደርስም፤ ከቆርቆሮ ሥር ግን በቀላሉ ይደርሳል። ከቆርቆሮው በላይ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ሳር ብትደርቡበት ይቀንሳል፤ የክረምቱንም ጩኸት ያለዝባል።

ሌላው ጣጣ መገጣጠሚያው ነው። አናጢው ሽቦውን ሞራሌው (የቤቱ ቋሚ እንጨት) ላይ በሚስማር ብቻ ጠምዝዞ ጨረስኩ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጥጉ ተነሳ። አሁን ሽቦው ላይ ቀጭን ጣውላ ደርቦ በዚያ ላይ መምታት እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ጣውላው ሽቦውን ይዞ ያስቀምጣል። አቅም ያለው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ያስበይድ፤ ዕድሜ ልክ ነው፣ ጥንቸልም አትበላውም። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ እንጨት መፋቅ ግዷ ነው። ሽቦው ዝገት የማይዘው፣ ጋልቫናይዝድ ይሁን፤ ሽንቷ ብረት ይበላል። በሩ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ አድርጉ። አንዱን ልጆች ይረሱታል።

ተነቃናቂ ኬጅ

ያው ሽቦ፣ ያው ጣሪያ፣ ግን ሁለት ሰው አንስቶ የሚያዞረው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ለተከራይና ለጋራ ግቢ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። እማማ ልብስ ሲያሰጡ ወደ ጥግ፣ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ዛፉ ሥር። ጉድለቱ ቅለቱ ነው፤ ትልቅ ውሻ ይገለብጠዋል። አራት ብሎኬት ጥጎቹ ላይ ጫኑበት። ደግሞም ጠባብ ነው፤ የቀን ቦታ እንጂ ሙሉ ቤት አታድርጉት። ማታ ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ ሳጥን ትግባ።

የናይለን መረብና ሸድ ኔት

ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይወጠራል፣ አራቱም ጎን ግንብ ለሆነ ጠባብ ግቢ እጅግ ያጓጓል። እኔም ከግልገሏ በኋላ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዚህ ነበር። አረንጓዴ ሸድ ኔት፣ ማለትም ለጥላ የሚወጠር መረብ፣ ከግንብ ግንብ ወጠርኩ። ሁለት ወር ሰላም ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ በረዶ ወረደ። ከመስኮት ሆኜ ሳይ መረቡ መሀሉ ላይ ነጭ እየሞላ ሆዱ ወደ ታች ተነፋ። ከዚያ በአንድ ጥግ ተበጠሰና በረዶው እንዳለ እንደ እህል ማዳበሪያ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ጥንቸሏ ሳጥኗ ውስጥ ስለነበረች ተረፈች።

በጋ ላይ ግን አልንቀውም። ጥላ ይሰጣል፣ ጭልፊቱም ከላይ ምን እንዳለ አይለይም። የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ወፍራም ሽቦ በየሜትሩ ወጥሩ፣ መረቡን በዚያ ላይ ዘርጉ። የላላ መረብ ላይ ወፍ ሲያርፍ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጥንቸሏ ቀና ካለች ጥፍሩ ይደርሳታል። ከአፏም አርቁት፤ ናይለን ቆርጣ ትውጣለች፣ አንጀቷን ይዘጋል። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ስስ መረብ ደግሞ ርግብና ሌሎች ወፎችን ጠልፎ ይይዛል፤ ጠዋት ተነስቶ ክንፍ ከክር መፍታት ደስ አይልም።

ሸራ እንደዚሁ ነው፤ ውሃ ያቁራል። ከኬጅ ግማሽ ላይ ጣል ለማድረግ ብቻ ያዙት።

የሚያስፈሩ ነገሮች

ሲዲ፣ የሚያብለጨልጭ ሪባን፣ የፕላስቲክ ጉጉት፣ ማስፈራሪያ ሰው። የእማማን ምክር ተቀብዬ ስድስት ሲዲ ሰቅያለሁ። አምስት ቀን ወፍ አልመጣም። በስምንተኛው ቀን አንድ ቁራ ገመዱ ላይ ከሲዲው አጠገብ ቁጭ ብሎ ራሱን ሲያይበት አገኘሁት። እኛ ሰፈር ያለው ጭልፊት የታክሲ ጥሩንባ፣ የድምፅ ማጉያና የሉካንዳ ቢላዋ መሀል ያደገ ነው፤ በሚዞር ፕላስቲክ አይደነግጥም። በየሦስት ቀኑ ቦታ ብትቀያይሩ ትንሽ ይረዝማል። ቋሚ ቤት እስኪሠራ ላለው ሳምንት ይሁን፤ ከዚያ በላይ እምነት አትጣሉበት።

የዓሣ ማጥመጃ ክር ከላይ በየ30 ሴንቲ ሜትር መወጠርም ከዚሁ ወገን ነው። ከላይ ተወርውሮ የሚወርደውን ያደናቅፋል። አርፎ የሚራመደውን ቁራ ግን ምን ያደርገዋል?

ውሻና ሰው

ውሻ ለጥንቸል ራሱ አዳኝ ነው። አብሮ ያደገ አለ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ተኝቶ ነው የሚውለው።

ሰው መጠበቁ ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ጥሩ ነው። ግን የኔን ሦስት እርምጃ አስታውሱ። የምትጠብቁ ከሆነ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ከሩቅ ማየት አይበቃም።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ

ሦስተኛ ፎቅ ነኝ ብላችሁ አትዘናጉ። ጭልፊት የሚያንዣብበው በዚያው ከፍታ ነው፤ ጥንቸሏም ዘልላ ልትወድቅ ትችላለች። ከበረንዳው መከለያ እስከ ጣሪያው ያለውን ክፍት ቦታ ሽቦ አድርጉበት። የጣሪያ ሥራ ስለሌለው ከሁሉም ያነሰ ሽቦ የሚፈልገው ይህ ነው። ከመሰርሰራችሁ በፊት የነዋሪዎች ማኅበሩን አናግሩ፤ በኋላ አንሱ ከመባል ይሻላል። የመብራት ገመድ ካለ ከፍ አድርጉት፤ አንድ ጊዜ ነክሳ ነው የምትቆርጠው።

ጎን ለጎን

| አማራጭ | ሰው በሌለበት | የክረምት በረዶ | ድመት፣ ውሻ፣ ሸለምጥማጥ | ሲለቁ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቋሚ ቤት፣ የተበየደ ሽቦ | ይሠራል | ይችላል | ያቆማል | ይፈርሳል | ከፍተኛ |
| ቋሚ ቤት፣ የዶሮ ሽቦ | ይሠራል | በደህና ከተወጠረ | ድመት ያቆማል፣ ውሻ ላይ ደካማ | ይፈርሳል | መካከለኛ |
| ተነቃናቂ ኬጅ | ቀን ይሠራል | ይችላል | ብሎኬት ከተጫነበት | ይሄዳል | መካከለኛ |
| ናይለን፣ ሸድ ኔት | በበጋ | አይችልም | አያቆምም | ይሄዳል | ዝቅተኛ |
| ሲዲ፣ የፕላስቲክ ጉጉት | ለጥቂት ቀን | – | አያቆምም | ይሄዳል | እዚህ ግባ የማይባል |
| ውሻ | አያስተማምንም | – | ራሱ አደጋ ነው | ይሄዳል | በየቀኑ |
| በሽቦ የተዘጋ በረንዳ | ይሠራል | ይችላል | ያቆማል | ይነሳል፣ ቀዳዳው ይቀራል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

ለማን የቱ?

የራሳችሁ ግቢ ካላችሁና ቀን ሁላችሁም ሥራ ከሆናችሁ ቋሚውን ሥሩ፤ ሌላ አትሞክሩ። በትንሹ ጀምራችሁ ብታሰፉት ይሻላል እንጂ ትልቁን በመረብ አትሸፍኑ።

ተከራይ ወይም የጋራ ግቢ ከሆናችሁ ተነቃናቂውን። እኔም አሁን ያለሁት በዚሁ ነው። አከራይን ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ ጎረቤትን ማስፈቀድ ግን ደግ ነው።

እጅ ካጠረ አሮጌ ነገር ይሠራል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ ያገለገለ የመስኮት ፍርግርግ፣ የፍሪጅ መደርደሪያ፣ የአልጋ ሽቦ ይገኛል። ፍርግርጉ ሰፊ ነውና ላዩ ላይ የዶሮ ሽቦ ደርቡ። ስፋቱን ቀንሱ፤ ጣሪያውን ግን አታስቀሩ።

ግልገል ካለ እስከ ሦስት ወር ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቦታ ብቻ። ድርድር የለም።

የትኛውንም ብትመርጡ ውስጡ መደበቂያ ይኑር። ካርቶን ወይም የጣውላ ሳጥን፣ ሁለት በር ያለው። ስንጥቅ ጋን ያስገባ ሰው አይቻለሁ፤ ያምራል፣ ግን መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ከደነገጠች እዚያው ትቀረቀራለች። ሽቦው ወፉን ቢያቆመውም ጥላው ያስደነግጣታል። በድንጋጤ ብቻ የምትሞት ጥንቸል አለች።

ከተያዘች

ጭልፊቱ ጥሏት ከሄደ «ተረፈች» ብላችሁ አትተዉ። የጥፍር ቁስል አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ ነው፤ ፀጉሯም ይሸፍነዋል። ጀርባዋንና ጎኗን በጣታችሁ እየከፈላችሁ ፈልጉ። ጨለም ያለ ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጧት፤ ልጆች አይክበቧት። ቁስል ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም። ቁስል ባይኖርም ግማሽ ቀን ካልበላች ወይም ኩሷ ከቆመ እንደዚሁ፤ የደነገጠች ጥንቸል አንጀቷ ሥራ ያቆማል፣ እሱም ይገድላታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለበዓል ግቢ ውስጥ በግ የምታርዱ ከሆነ ጥንቸሎቹን ከዋዜማው ማታ ቤት አስገቡ። ደም ሲፈስስ ያ ሁሉ ጭልፊትና ቁራ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ቆዳውና ሆድ ዕቃው ከግቢ እስኪወጣ፣ መሬቱም በውሃ እስኪታጠብ አታውጧቸው።